ክሮፕ ፋክተር ምንድን ነው?

የ50 ሚሊሜትር ሌንስ ሊገዛ የተነሳ ሰው ሳይውል ሳያድር የሚሰማው ነገር አለ፦ «ያንተ ካሜራ ክሮፕ ስለሆነ ይሄ ሌንስ 80 ይሆንብሃል።» ሚሊሜትሩ የሌንሱ የትኩረት ርቀት ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሌንሱ ሰፊ ያሳያል፣ ሲበዛ እያጠበበ ሩቁን ያቀርባል። ያ አባባል ግማሹ እውነት ነው። ሌንሱ ግን 80 አይሆንም። 50 ሚሊሜትር ሆኖ የተሠራ ሌንስ የትኛውም ካሜራ ላይ ቢገጠም 50 ሚሊሜትር ነው። የሚለወጠው ካሜራው ሌንሱ ካመጣለት ምስል ውስጥ የሚወስደው መጠን ነው።

ሌንስ ወደ ካሜራው ውስጥ የሚጥለው ምስል ክብ ነው። ሴንሰሩ (በፊልም ፈንታ ምስሉን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ከዚያ ክብ መሃል ላይ አራት ማዕዘን ቆርጦ ይወስዳል። ሴንሰሩ ትልቅ ከሆነ ብዙ ያገኛል፤ ትንሽ ከሆነ ዳር ዳሩ ያመልጠዋል። የታተመ ፎቶ ዙሪያውን በመቀስ ቆርጣችሁ የቀረውን መሃሉን አሳድጋችሁ ብትሰቅሉት ሰውዬው የቀረበ ይመስላል። አልቀረበም። ክሮፕ ካሜራ፣ ማለትም ትንሽ ሴንሰር ያለው፣ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው።

ክሮፕ ፋክተር እንግዲህ አንድ ሴንሰር ፉል ፍሬም ከሚባለው ትልቅ ሴንሰር ምን ያህል እንደሚያንስ የሚናገር ቁጥር ነው። ፉል ፍሬም 36 በ24 ሚሊሜትር ነው፤ ከጥግ ጥግ በሰያፍ ሲለካ 43.3 ሚሊሜትር ይሆናል። የካነን ክሮፕ ሴንሰር 22.3 በ14.9 ገደማ ነው፤ ሰያፉ 27 ሚሊሜትር አይሞላም። 43.3ን ለዚያ ስታካፍሉት 1.6 ይመጣል። የኒኮን ትንሽ ሰፋ ስለሚል 1.5 ነው። ኦሊምፐስ ይጠቀምበት የነበረው ፎር ሰርድስ የተባለ ሴንሰር ደግሞ 2 ነው። የሌንሱን ሚሊሜትር በዚህ ቁጥር ስታባዙ፣ ፉል ፍሬም ላይ ያንኑ ስፋት የሚያሳየው ሌንስ ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ ታውቃላችሁ። የቁጥሩ ዋና ሥራ ይህ ነው።

ለምን ከፉል ፍሬም ጋር ተነጻጸረ? ምክንያቱ ፊልም ነው። 36 በ24 የሚለው 35 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ፊልም ላይ የሚያርፍ የአንድ ፎቶ ልክ ነው፤ ላይካ የተባለው ካሜራ በ1925 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ከዋለ ጀምሮ የተስፋፋ። ዲጂታል ሲመጣ ትልቅ ሴንሰር መሥራት እጅግ ውድ ነበር። በ1999 የወጣው ኒኮን ዲ1 ትንሽ ሴንሰር ይዞ መጣ፤ የሌንስ መግጠሚያው ግን ኒኮን ከ1959 ጀምሮ ሲሠራበት የኖረው ነው። ስለዚህ ፎቶ አንሺዎች ቤታቸው የነበረውን ሌንስ አወጡና ገጠሙት። ሰፊ ብለው የገዙት 24 ሚሊሜትር ድንገት 36 ሚሊሜትር ያህል ጠበበ። እነዚህ ሰዎች ሒሳብ ያስፈልጋቸው ነበር፤ ዓይናቸው በፊልም የተለማመደ ነውና። ካነን በ2002፣ ኒኮን በ2007 ፉል ፍሬም ዲጂታል ካሜራ አወጡ፤ ሒሳቡ ግን ልማድ ሆኖ ቀጠለ።

አሁን ወደ ግዢው። ክሮፕ ፋክተር በጣም የሚያስቸግረው ሰፊ ሌንስ ላይ ነው። 24-70 (ከ24 እስከ 70 ሚሊሜትር የሚቀያየር) በጣም የተመሰገነ ሌንስ ነው። ፉል ፍሬም ላይ ሲገጠም ከክፍል ውስጥ ፎቶ እስከ ፖርትሬት (የሰው ፊት ፎቶ) ሁሉን ያደርጋል። የካነን ክሮፕ ላይ ግን ከ38 እስከ 112 ያህል ይሆናል። ጠባብ ክፍል ውስጥ ጀርባችሁን ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁም ሰው ከፍሬም ይወጣባችኋል። ያን ሁሉ ገንዘብ ከፍሎ መጨረሻ ላይ 18 ሚሊሜትር መመኘት ያናድዳል። ከካሜራው ጋር የሚመጣው 18-55 የሚናቀውን ያህል የሚናቅ አይደለም፤ ለክሮፕ ተብሎ ከ29 እስከ 88 እንዲያሳይ የተሠራ ነው። ከዚያ የሰፋ ለሚፈልግ እንደ 10-18 እና 10-20 ያሉ ሌንሶች አሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል። «ለክሮፕ የተሠራ ሌንስ ላይ የተጻፈው ቁጥር ቀድሞ የተባዛ ነው» ይባላል። አይደለም። 18 ማለት 18 ነው። ለየትኛውም ካሜራ ይሠራ፣ ማነጻጸር ከፈለጋችሁ ታባዛላችሁ።

50 ሚሊሜትር ክሮፕ ላይ ጥሩ የፖርትሬት ሌንስ ነው። ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ባክግራውንዱንም ደህና ብለር (ብዥ) ያደርጋል። ለዕለት ተዕለት ግን ይጠባል። «መጀመሪያ 50 ግዛ» የሚለው ምክር ከፊልም ዘመን ሳይመረመር የተወረሰ ይመስለኛል። ያኔ 50 የሚሰጠውን ስፋት ክሮፕ ላይ የምታገኙት በ35 አካባቢ ነው። የኒኮን ዲኤክስ 35 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ለዚህ ታስቦ የተሠራ ነው (ዲኤክስ የኒኮን የክሮፕ መለያ ነው፤ ኤፍ የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት ይነግራል፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)። ካነን ላይ ደግሞ ትንሿ 24 ሚሊሜትር ኤፍ 2.8 አለች፤ 38 ያህል ስለሆነች ለመንገድም ለቤትም ትመቻለች።

ሩቅ ነገር ላይ ሒሳቡ ይገለበጣል። 300 ሚሊሜትር ሌንስ ኒኮን ክሮፕ ላይ 450 ያህል ያቀርባል። ወፍና ስፖርት የሚያነሱ ሰዎች ክሮፕን የሚወዱት ለዚህ ነው። ግን ጥቅሙ የሚመጣው ከመቆረጡ ሳይሆን ከፒክስሉ ጥግግት ነው። 24 ሜጋፒክስል ያለው ፉል ፍሬም ፎቶ በክሮፕ ልክ ብትቆርጡት 10 ሜጋፒክስል ገደማ ይቀራችኋል፤ 24 ሜጋፒክስል ያለው ክሮፕ ካሜራ ግን 24ቱንም እዚያችው ቦታ ላይ ያውላል። ፉል ፍሬሙ ብዙ ፒክስል ካለው ልዩነቱ ይጠፋል። ኒኮን ዲ850 45.7 ሜጋፒክስል ነው፤ በክሮፕ ልክ ሲቆረጥ ወደ 19.5 ይቀራል። ክሮፕ የሆነው ዲ500 ደግሞ 20.9 ነው። እኩል ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ልዩነቱ ዋጋው ላይ ነው።

ስለ አፐርቸርም (ስለ ሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ጭቅጭቅ አያልቅም። ኤፍ 1.8 ለብርሃን ልኬት የትም ኤፍ 1.8 ነው፤ ሻተር ስፒዱም (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) አይኤስኦውም (ሴንሰሩ ለብርሃን ያለው ስሜት) አይቀየርም። የብለሩ ነገር ግን ይለያል። ያንኑ ፍሬም ክሮፕ ላይ ለማግኘት ወይ ወደኋላ ትሄዳላችሁ ወይ አጠር ያለ ሌንስ ትገጥማላችሁ፤ በሁለቱም መንገድ የባክግራውንዱ ብዥታ ይቀንሳል። ካነን ክሮፕ ላይ ያለ 50 በኤፍ 1.8 የሚሰጠው ብለር ፉል ፍሬም ላይ 80 በኤፍ 2.8 ወይም 2.9 ከሚሰጠው ጋር ይቀራረባል። የፉል ፍሬም ሴንሰር ስፋቱም ከሁለት እጥፍ በላይ ስለሆነ ጠቅላላ የሚሰበስበው ብርሃን ይበዛል፤ ማታ ላይ ፎቶው ላይ ነጠብጣብ ብዙም የማይታየው ለዚህ ነው።

አንድ ሌላ አፈ ታሪክ ደግሞ፦ «50 ክሮፕ ላይ ቢቆረጥም የፊትን ቅርጽ የሚያሳየው እንደ 50 እንጂ እንደ 80 አይደለም» ይላሉ። አፍንጫ የሚገንነው ወይም ፊት ጠፍጠፍ የሚለው በቆማችሁበት ርቀት ነው፤ ሌንስ ፊት አይቀይርም። ከአንድ ቦታ ቆማችሁ በሁለቱ ብታነሱ ፊቱ አንድ ነው።

የእጅ መንቀጥቀጥም ሒሳቡን ይከተላል። ማረጋጊያ በሌለው 50 ሚሊሜትር ክሮፕ ላይ ሻተሩን ከ1/80 ሰከንድ ባታወርዱ ይመረጣል፤ 50 በ1.6 ሲባዛ 80 ነውና።

መግጠሚያው ላይ ተጠንቀቁ። ለክሮፕ የተሠራው የካነን ኢኤፍ-ኤስ ሌንስ ፉል ፍሬም ዲኤስኤልአር (በመስታወት የሚሠራ ዲጂታል ካሜራ) ላይ ጭራሽ አይገባም። ምልክቱ ቀላል ነው፦ ነጭ አራት ማዕዘን ያለው ለክሮፕ፣ ቀይ ነጥብ ያለው ለሁለቱም። ኒኮን ላይ የዲኤክስ ሌንስ ፉል ፍሬም ላይ ይገባል፤ ካሜራው ራሱ ምስሉን በክሮፕ ልክ ይቆርጠዋል። ከክሮፕ ጋር ባይገናኝም ይህንንም ልጨምር፦ የኒኮን 3000 እና 5000 ተከታታይ ካሜራዎች ውስጣቸው የፎከስ ሞተር የለም። ራሱ ሞተር የሌለው የቆየ ሌንስ ከገጠማችሁባቸው ፎከሱን በእጅ ማዞር ነው።

«ወደፊት ፉል ፍሬም ስለምገዛ ከአሁኑ የፉል ፍሬም ሌንስ ብቻ ልግዛ?» ለ50፣ ለ85 እና ለረጃጅም ሌንሶች እሺ፤ ክሮፕ ላይም ይጠቅማሉ። ለሰፊ ሌንስ ግን አይሆንም። ገና ላልተገዛ ካሜራ ብሎ ዛሬ በጠባብ ሌንስ መጨነቅ ትርጉም የለውም። ገንዘቡ ለሁለቱ ካልበቃ ደግሞ እኔ ቦዲውን (ካሜራውን ራሱን) ዝቅ አድርጌ ሌንሱን ከፍ አደርጋለሁ።

ፉል ፍሬም ነክታችሁ የማታውቁ ከሆነ ማባዛቱንም ተዉት። በቪውፋይንደር (በካሜራው ማያ ቀዳዳ) የምታዩት የተቆረጠውን ነው። ይልቅ እስከ ዛሬ ያነሳችኋቸውን ፎቶዎች ክፈቱና በስንት ሚሊሜትር እንደተነሱ ተመልከቱ፤ ፋይሉ ውስጥ ተመዝግቧል። አብዛኛው 18 ላይ ከሆነ የጎደላችሁ ሰፊ ሌንስ ነው። 55 ላይ ተጣብቃችሁ ከከረማችሁ ረጅም ፈልጉ። 35 አካባቢ ከተሰበሰበ ደግሞ ቀደም ብዬ ያነሳኋትን 35 ግዙ።