ጥርስ ባዳ ነው፦ ሐዘን መሀል ስለሚመጣ ሳቅ

ለቅሶ ቤት የተቀመጠች ሴት ድንገት ሳቅ ያመልጣታል። ስለ ሟቹ አንድ ጨዋታ ተነሥቶ ይሆናል። ወዲያው አፏን በነጠላዋ ትሸፍንና "ምን ላድርግ፣ ጥርስ ባዳ ነው" ትላለች። አጠገቧ ያሉትም "እውነትሽን ነው" ብለው ያልፉታል። ማንም አይቀየማትም።

ባዳ ዘመድ ያልሆነ፣ የሥጋ ትስስር የሌለው ሰው ነው። ባዳ ለቅሶ ይደርሳል፣ "እግዜር ያጥናችሁ" ይላል፣ ከዚያ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አንጀቱ እንደ ወንድም አይንሰፈሰፍም። ጥርስም ከሐዘኑ ጋር ዝምድና የለውም ነው የሚባለው። ሆድ እያለቀሰ እሱ ይስቃል።

የአባባሉ ሥር ያለው አማርኛ ስሜትን ለሰውነት ክፍሎች በሚያከፋፍልበት መንገድ ውስጥ ይመስለኛል። ሐዘን የሆድና የአንጀት ነው። ሆድ ይብሳል፣ አንጀት ያራል፣ አንጀት ይንሰፈሰፋል። ጥርስ እዚህ ውስጥ ቦታ የለውም። የእሱ ሥራ ውጭ ውጭውን ነው። እንግዳ ሲመጣ ይታያል፣ ጨዋታ ሲደምቅ አይከደንም። በዚያ ላይ ከእኛ ጋር አይወለድም። ከወራት በኋላ ብቅ ይላል፣ በልጅነት ይወልቃል፣ ተመልሶ ይበቅላል፣ እርጅና ሲመጣ ደግሞ ጥሎን ይሄዳል። ሆድ ግን አብሮን ተወልዶ አብሮን ይሞታል። ጥርስን ባዳ ያለው ሰው ይህን ሁሉ አስተውሎ ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

አባባሉን "ካንገት በላይ ሳቅ" ከምንለው ጋር የሚያምታቱ አሉ። ይለያያሉ። ካንገት በላይ የሚስቅ ሰው አስቦበት ነው፤ የማይሰማውን እያሳየ ነው። ጥርሱ ባዳ የሆነበት ሰው ግን ሳቁ እውነተኛ ነው፣ ሐዘኑም እውነተኛ ነው። ሁለቱ ባንድ ጊዜ መጥተውበት ነው የተቸገረው። ችግሯን ለሰው የማትነግር ሴትም "ስትስቂ ሳይሽ ደህና መስለሽኝ" ስትባል በዚሁ አባባል ትመልሳለች። መልሷ ውስጥ "እንዳልሽው አይደለም፣ ግን አትጠይቂኝ" የሚል ነገር አለ።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ አባባሉ በቤተሰብ ጠብ መሀል ሲገባ ነው። እንበል አባት ሞተው ሰልስት ነው። ሁለት ወንድማማቾች በቤቱ ውርስ ተኳርፈው መነጋገር ካቆሙ ቆይተዋል። ድንኳኑ ውስጥ አግዳሚው ላይ ተራርቀው ተቀምጠዋል። ከወዲያ ካርታ ይጫወታሉ፣ ንፍሮ ይዞራል። አንድ ሽማግሌ ጎረቤት የሟቹን ቁጠባ ያነሣሉ። ስኳሩን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፈው ቁልፉን አንገታቸው ላይ ያስሩ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ቁልፉ የጠፋባቸው መስለው ኪሳቸውን አንድ ባንድ ይፈትሻሉ፤ እስኪያገኙት እንግዳው ሻዩን መራራውን ጨርሶ ይነሣል። ድንኳኑ በሳቅ ይሞላል። ሁለቱ ወንድማማቾችም እኩል ይስቃሉ፣ ዓይናቸውም ይጋጫል።

ሌላው ሰው የሳቀው በሰማው ወሬ ነው። እነሱ ግን ያለ ስኳር ሻይ እየጠጡ ነው ያደጉት። የአባታቸው እጅ ኪስ ለኪስ ሲዞር ይታያቸዋል። እንደነሱ አድርጎ በዚህ ነገር ሊስቅ የሚችል ሌላ ሰው በዓለም ላይ የለም። ባዳው ጥርስ ዝምድናቸውን አጋለጠው። ታላቅየው ፊቱን ያዞራል፣ የውርሱም ነገር እዚያው ይቀራል።

ስለተበጣበጠ ቤተሰብ የሚጻፍ ጥሩ ልብ ወለድና ተውኔት የሚሠራው በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ደካማው ደራሲ ቀልድን የሚያስገባው አንባቢው ከሐዘኑ ትንሽ አረፍ እንዲል ነው፤ ቀልዱ ሲያልቅ ሐዘኑ ካቆመበት ይቀጥላል። ጎበዙ ደራሲ ዘንድ ግን ሳቁ የሚፈልቀው እዚያው ቁስሉ ላይ ነው።

ሩሲያዊው ደራሲ አንቶን ቼኾቭ እ.ኤ.አ. በ1904 ሞስኮ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየውን የመጨረሻ ተውኔቱን፣ "የቼሪ አትክልት ቦታ"ን፣ "ኮሜዲ" ብሎ ሰየመው። አዘጋጁ ስታኒስላቭስኪ ግን ሲያነበው አለቀሰ፣ መድረክ ላይም እንደ ትራጄዲ አቀረበው። ቼኾቭ አልተደሰተም። ራሱ በጽኑ ታሞ ነበር፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ሞተ። ታሪኩ በዕዳ የተዘፈቀ የባላባት ቤተሰብ ነው። የቤቱ እመቤት ትንሽ ልጇ ወንዝ ውስጥ ሰጥሞባታል። ቤታቸውና የቼሪ ዛፎቻቸው በሐራጅ በሚሸጡበት ቀን ሙዚቀኞች ጠርተው ይጨፍራሉ። ወንድሟ ጋዬቭ ከሐራጁ ሲመለስ ባንድ እጁ የገዛውን አሳ ይዟል፣ በሌላው እጁ እንባውን ይጠርጋል። አሳውን ለሽማግሌው አሽከር ይሰጥና "ዛሬ እህል አልቀመስኩም" ይላል። የአያት የቅድመ አያት ርስት የተሸጠ ቀን አሳ ገዝቶ መጣ! በዚህ መሀል ከጎን ካለው ክፍል የቢሊያርድ ድንጋይ ሲጋጭ ይሰማል። የጋዬቭ ፊት ይለወጣል። ልቅሶው ይቆማል። ሰውየው የቢሊያርድ ፍቅር አለበት፣ በወሬው መሀል ሁሉ የቢሊያርድ ቃል ጣል ያደርጋል።

ይህን ሲያይ የሚስቅም የሚያለቅስም ተመልካች አይሳሳትም። ጋዬቭ ከልቡ አዝኗል። ጆሮው ግን እንደ ጥርስ ባዳ ሆነበት። እኔ ብጠየቅ ከስታኒስላቭስኪ ይልቅ ከቼኾቭ ጋር ነኝ። ሰውየው አልቅሶ ብቻ ቢገባ ኖሮ ርስቱን ያጣ አንድ ባላባት ሆኖ ይቀር ነበር። አሳው ነው ጋዬቭን ጋዬቭ ያደረገው።

በእኛም ሀገር ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት "ፍቅር እስከ መቃብር" ውስጥ ጉዱ ካሳ አለ። በዘር ኩራት ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ለመዳር ሰው ባጡት በፊታውራሪ መሸሻ ዙሪያ እውነቱን የሚናገረው እሱ ነው። ሰው ግን እንደ እብድ ያየዋል። አንባቢም በጉዱ ካሳ ንግግር እየሳቀ ነው ወደዚያ ከባድ መጨረሻ የሚወሰደው።

አባባሉ ለማን እንደማይሆንም መናገር አለብኝ። በሊዮ ቶልስቶይ "አና ካሬኒና" መጀመሪያ ላይ ስቲቫ የሚባል ባል አለ። ከልጆቹ የቀድሞ ፈረንሳዊት አስተማሪ ጋር ወሽሟል። አንድ ምሽት ከቲያትር ደስ ብሎት፣ ለሚስቱ ትልቅ የፒር ፍሬ ይዞላት ይመጣል። ሚስቱ ዶሊ ሁሉን የሚያጋልጠውን ደብዳቤ በእጇ ይዛ ጠበቀችው። ምንድን ነው ይኼ? ስትለው ስቲቫ ሳያስበው ፈገግ አለ፤ ያንኑ የለመደውን የደግነት ፈገግታውን። ዶሊ እንደተመታ ሰው ተንቀጠቀጠች፣ የመጣላትን ተናግራው ወጣች፣ ከዚያም ልታየው አልፈለገችም። እሱ ብቻውን ሆኖ ከውሽምነቱ ይልቅ ጥፋቱን ሁሉ በፈገግታው ላይ ያላክካል። የአንጎል ሥራ ነው፣ ሳላዝዘው መጣ ይላል። አማርኛ ቢያውቅ ኖሮ "ጥርስ ባዳ ነው" ባለ ነበር።

እኛ ዘንድ ግን ይህን ቢል አያስኬደውም። አባባሉ የሚሆነው ለተጎዳ ሰው ነው። ልጁ የሞተበት፣ ቤቱ የፈረሰበት፣ ሆዱ የባሰው ሰው ይለዋል፣ ወይም ሌላው ስለ እሱ ይልለታል። የበደለ ሰው በበደላት ሴት ፊት ስቆ በጥርሱ ቢያመካኝ ነገሩን ያብሳል። ቶልስቶይ ይህን አሳምሮ ያውቀዋል። የስቲቫ እህት አና መጥታ ካስታረቀቻቸው በኋላ ምሽቱን ባሏ ላይ ትንሽ ትንሽ የምታሾፈው ዶሊ ናት፣ እንደ ድሮዋ። ስቲቫም ተጫውቷል፣ ግን በልኩ፤ ይቅር ስለተባለ በደሉን የረሳ እንዳይመስል እየተጠነቀቀ።