ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ

ለሐምሌ 19 ገብርኤል ከአዲስ አበባ እንግዶች መጥተው፣ እዚህ ሐዋሳ አቶቴ፣ ጎረቤቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ተሰብስበን ነበር። የቤቱ ትንሽ ልጅ ገና አምስት ዓመቷ ነው። በቅርቡ ጋዋን ለብሳ ከመዋለ ሕፃናት ተመርቃለች። እናቷ በርጩማ ላይ አቆመቻትና፣ "በይ የኔ ቆንጆ፣ ያን የእንግሊዝኛውን ለእንግዶቹ በይላቸው" አለቻት። ልጅቷ የቀሚሷን ጫፍ አፏ ውስጥ ከተተች። "በይ እንጂ! ለእኔ ስትዪው ትውዪ የለ?" ዝም። ስልኮች ተደቅነዋል። በመጨረሻ አለቀሰች።

አንዲት ትልቅ ሴት "ተያት ልጄ፣ ሕፃን እኮ ናት" ቢሏት፣ "አይ እማማ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ነው እንጂ! አሁን ያልደፈረች መቼ ልትደፍር ነው?" ብላ መለሰች።

ቡናው አልወረደልኝም።

ይህ ተረት የሽማግሌ ነው። ባልና ሚስት ሲኮራረፉ፣ ወንድማማቾች በድንበር ሲጋጩ የሚነገር ነው። ቂሙ ሳይከርም ታረቁ፣ የተበላሸውን ዛሬውኑ አቃኑ ማለት ነው። ልጅን ቶሎ ቶሎ ማብሰል የሚል ነገር የለበትም።

እርጥቡ ምንድን ነው ቢባል ብዙ ሰው እንጨት ነው ይላል። እኔ አልቀበልም። ገበሬ እርጥብ እንጨት መች ይወዳል? ቢያነዱት ይጨሳል፤ ሞፈር ቢያደርጉት ይጣመማል። በእርጥቡ ካልያዙት ከንቱ የሚሆነው ቆዳ ነው።

ልጅ ሆኜ መንዝ፣ አያቴ ቤት፣ የጠፍር አልጋ ሲሠራ አይቻለሁ። የበሬው ቆዳ ውኃ ውስጥ ያድራል። ጠዋት አያቴ በሰላ ቢላ ከዳር ጀምረው እየዞሩ ይቆርጡታል። ዙሪያውን፣ ዙሪያውን፣ ወደ መሐል። ከአንድ ቆዳ አንድ ረጅም ጠፍር ይወጣል። የእኔ ሥራ ጫፉን ይዞ ወደ ኋላ ወደ ኋላ መሄድ ነበር። ጠረኑ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። ከዚያ በአልጋው እንጨት ቀዳዳዎች እየገባ፣ አንዴ በቁመት አንዴ በወርድ ይጠላለፋል። ፀሐይ ሳይበረታ ማለቅ አለበት። ከደረቀማ ይገተራል፤ እጅ አይታዘዝም።

አንድ ቀን ጉልበቴን ላሳያቸው ፈልጌ፣ እግሬን እንጨቱ ላይ ተክዬ ጠፍሩን ባለ በሌለ ኃይሌ ወጠርኩት። አያቴ እጄን ያዙኝ። "ተው ልጄ፣ መተንፈሻ ተውለት። ሲደርቅ ራሱ ይሰበሰባል" አሉኝ። እውነትም እርጥብ ቆዳ ሲደርቅ ይኮማተራል። ገና በእርጥቡ አለቅጥ የተወጠረ ጠፍር ሲደርቅ ወይ ራሱ ይበጠሳል፣ ወይ እንጨቱን ያጣምማል። በልኩ የተጠለፈው ግን ውሎ አድሮ እንደ ከበሮ ይወጠራል።

ስለዚህ ተረቱ ከጠፍር ጠላፊ አፍ ነው የወጣው እላለሁ። "ሳይርቅ በቅርቡ" የሚለውን ለእረኛ እሰጠዋለሁ፤ ከመንጋ የተነጠለች ጥጃን ያሳደደ ያውቀዋል። ሁለቱን ያጋባቸው ቤት መምታታቸው ይመስለኛል።

ድሮም ቢሆን ልጅ በሰው ፊት ይከበር ነበር። የቄስ ትምህርት ቤት ተማሪ ዳዊት ሲደግም ወላጆቹ ይደግሱለት ነበር። ግን ድግሱ የሚመጣው ልጁ ዳዊቱን ከጨረሰ በኋላ ነው። እኛ ድግሱን አስቀድመን፣ ልጁን በእንግዳ ፊት እንፈትነዋለን። ይባስ ብለን የአባቶችን ቃል መወጠሪያ እናደርገዋለን። እባካችሁ እናቶች፣ አባቶች፣ ይህን ተዉ።

ያን ቀን ልጅቷ ሶፋው ጥግ ተጠቅልላ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ቀረች። እናትየው እንግዳ ልትሸኝ ወጣች። ተረቱ ያኔ ነበር የሚያስፈልጋት። የልጅቷ ጉንጭ ገና እርጥብ ነበር።