በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ለተቸገሩ ተማሪዎች የሚደረግ ድጋፍ

በኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመደበ መደበኛ ተማሪ ሻንጣውን ይዞ በር ላይ ሲደርስ ገንዘብ አምጣ አይባልም። ዶርም ይሰጠዋል፤ በካፌ ሦስት ጊዜ ይመገባል፤ ቢታመም የግቢው ክሊኒክ አለለት። ክፍያው ተመርቆ ሥራ እስኪይዝ ይቆየዋል። የኪስ ችግር የሚጀምረው ከዚህ ቀጥሎ ባሉት ጥቃቅን ወጪዎች ነው፦ ሳሙና፣ የሃንድአውት ኮፒ፣ ሞዴስ፣ የስልክ ካርድ፣ ለዕረፍት ወደ ቤተሰብ መሄጃ መሳፈሪያ። መንግሥት የሚሸፍነው ትልቁን ወጪ ሲሆን ትንሹን የሚሸፍኑት በአብዛኛው የግቢው ጽሕፈት ቤቶች፣ መምህራንና ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ስለ መጀመሪያው ሕግና ደንብ ስላለ ብዙ ማለት ይቻላል። ሁለተኛው ግን በየግቢው በልማድ የሚሠራ በመሆኑ በጽሑፍ የሚገኘው ጥቂት ነው።

የቀድሞው ዘመን

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. በካናዳዊው ኢየሱሳዊ በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት ሲከፈት ተማሪዎቹ ጥቂት፣ ኑሯቸውም ሙሉ በሙሉ አዳሪ ነበር። ምግብ፣ መኝታና ልብስ ከመንግሥት ይሰጣቸው ነበር፤ የኪስ ገንዘብም ነበራቸው። አንጋፋው ተቋም ለአገር ልጆች ብቻ አልነበረም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ለአፍሪካ ወጣቶች በሰጡት ነፃ የትምህርት ዕድል ከኬንያ፣ ከኡጋንዳና ከሌሎችም አገሮች የመጡ ተማሪዎች ከኢትዮጵያውያኑ ጋር በአንድ ማዕድ ቀርበዋል። ይህን መዘከር ተገቢ ነው፤ ዛሬ ነፃ ዕድል ፍለጋ ወደ ውጭ የምናማትር ሰዎች ያኔ ሰጪዎች ነበርን።

በ1954 ዓ.ም. ኮሌጁና ሌሎቹ ተቋማት ተጠቃለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት የተማሪው ቁጥር እየጨመረ፣ የአዳሪነቱ ሥርዓትም እየጠበበ ሄደ። ከግቢ ውጭ ለሚኖሩት ወርሃዊ ድጎማ መስጠት የተለመደውም በዚያው ሰሞን ነው። ተማሪዎቹ በ1958 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሾላ የነበረውን የነዳያን (የለማኞች) ማቆያ በመቃወም «ድህነት ወንጀል ነውን?» ብለው አደባባይ መውጣታቸው ይታወቃል። ሰልፉ የተማሪ ድጎማ ጉዳይ አልነበረም፤ ነገር ግን በመንግሥት ቀለብ የሚማሩ ወጣቶች ቀለብ ለሌለው ሰው መቆማቸው ከዚህ ርእስ ፈጽሞ የራቀ አይደለም።

በደርግ ዘመን ምግብና መኝታ በነፃ መሰጠቱ ቀጥሏል።

የወጪ መጋራት

የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የከፍተኛ ትምህርት ተማሪ ወጪውን እንዲጋራ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ሐሳቡ ሕግ የሆነው ግን በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 351/1995 እና እሱን ተከትሎ በወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91/1995 ነው። ደንቡ በኋላ በቁጥር 154/2000 ተተክቷል። ወጪ መጋራቱ በሥራ ላይ የዋለው ከ1996 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ነው።

አሠራሩ የተቀዳው በአብዛኛው ከአውስትራሊያ ነው፤ እዚያ ተመራቂ ገቢ ሲኖረው ከገቢው የሚከፍልበት ሥርዓት ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራል። በእኛው ደንብ መሠረት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ ይጋራል። ቀሪውን መንግሥት ይሸፍናል። ተማሪው በየዓመቱ ሬጅስትራር ሲመዘገብ የወጪ መጋራት ውል ይሞላል። ብዙዎች ፎቶ ለጥፈው ሳያነቡ ይፈርሙታል፤ ያጠራቀሙትን የሚያውቁት በምረቃ ሰሞን ክሊራንስ (ከግቢው የመሰናበቻ ማረጋገጫ) ሲጨርሱ ነው።

ከምረቃ በኋላ ቀጣሪው ከደሞዙ ቢያንስ 10 በመቶ ቆርጦ ለገቢዎች ያስገባል፤ ክፍያውም በ15 ዓመት ውስጥ መጠናቀቅ አለበት። አስቀድሞ ወይም በአንድ ጊዜ ለሚከፍል ቅናሽ አለ። መምህርነትንና መንግሥት የሚወስናቸውን ሌሎች ሙያዎች የመረጠ ዕዳውን በአገልግሎት መክፈል ይችላል። ወለድ የለውም፤ ስለዚህ የዋጋ ንረት ባለበት አገር ዘግይቶ የሚከፍል ሰው ተጠቃሚ ነው።

ሥርዓቱ ግብር ነው ወይስ ብድር የሚለው አከራካሪ ነው። ሕጉ የምሩቃን ግብር ይለዋል። ግብር ግን ገቢ እስካለ የሚከፈል ሲሆን ይኼኛው የተወሰነ ዕዳ ሲያልቅ ያበቃል፤ በዚህ ሚዛን ብድር ነው ማለት ይሻላል። ሌሎች ደግሞ ከደሞዝ የሚቆረጥና ገቢዎች የሚሰበስበው በመሆኑ ግብር መባሉን አይነቅፉም። ለተማሪው ልዩነቱ ብዙም አይደለም። ለእሱ የሚታየው ዕዳው ሳይጠናቀቅ ዋናው ዲግሪና ለውጭ የሚላክ ትራንስክሪፕት አለመለቀቁ ነው። በዚህ ምክንያት ወደ ውጭ ለትምህርት ወይም ለሥራ የሚሄድ ሰው ቀሪውን በአንድ ጊዜ ከፍሎ ከገቢዎች ማረጋገጫ ማምጣት ይኖርበታል። በግሉ የሚሠራና ደመወዝተኛ ያልሆነ ተመራቂ ግን ቆራጭ ቀጣሪ ስለሌለው ራሱ ካልሄደ የሚያስታውሰው የለም።

የካፌው ቀለብ

ለድሃ ተማሪ ከድጋፎች ሁሉ ትልቁ ካፌው ነው፤ የትምህርት ወጪው በወረቀት የሚታይ ሲሆን እንጀራው ግን በየቀኑ የሚበላ ነው። ለአንድ ተማሪ በቀን የሚመደበው ገንዘብ ለረጅም ጊዜ 15 ብር ነበር፤ በኋላ 22 ብር ሆነ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። በ15 ብር ሦስት ጊዜ ማብላት እንዴት ይቻል እንደነበር የሚያውቁት የምግብ ቤት ኃላፊዎች ብቻ ናቸው፤ ምስጋና ይገባቸዋል።

ጭማሪው ሌላ ገጽ አለው። ደንቡ ምግብ ሙሉ በሙሉ የተማሪው ድርሻ ነው ስለሚል፣ እንደ ቃሉ ከተሰላ በ22 ብር ጊዜ ለአሥር ወር 6,600 ብር የነበረው የምግብ ዕዳ በ100 ብር ተመን 30,000 ብር ይሆናል። አራት ዓመት የተማረ 120,000 ብር የምግብ ብቻ ዕዳ ይኖርበታል፤ 10,000 ብር ደሞዝ ይዞ በወር 1,000 ብር ቢቆረጥበት አሥር ዓመት ይፈጅበታል ማለት ነው። ቢሆንም ዛሬ የራበው ተማሪ ከአሥር ዓመት በኋላ ስለሚቆረጥበት አይጨነቅም፤ የጭማሪው አስፈላጊነትም አያጠያይቅም።

በካፌ የማይመገቡት «ነን ካፌ» ይባላሉ። ምግቡ በጥሬ ገንዘብ ተቀይሮ በየወሩ ይሰጣቸዋል፤ ዕዳው ግን ይቆጠራል። አንዳንድ ተማሪ ነን ካፌ የሚሆነው ምግቡ ስለማይስማማው ሳይሆን ጥሬ ገንዘብ ለማግኘት ነው፤ ከጓደኞቹ ጋር ሽሮ እየሠራ ከሚተርፈው ለኮፒና ለሳሙና ያውላል። ገንዘቡ ሲዘገይ ግን የሚቸገረው ይኸው ተማሪ ነው።

ራስ ገዝነትና የግል ተቋማት

አዋጅ ቁጥር 1294/2015 ገንዘባቸውንና አስተዳደራቸውን ራሳቸው ለሚመሩ ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች መንገድ የከፈተ ሲሆን የመጀመሪያዋ ራስ ገዝ እናት ዩኒቨርሲቲያችን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ናት። ከዚህ ጋር ተያይዞ ከፍሎ የመማር በር ሰፍቷል። ይህ ለድሃው ምን ያመጣል የሚለው ገና ያልጠራ ክርክር ነው። የማታና የግል ተቋማት ተማሪዎች በወጪ መጋራቱ አይታቀፉም።

የውጭ ድጋፎች

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ገንዘብ የሚያካሂደው የነፃ ትምህርት ዕድል በተለይ አካል ጉዳተኛ ወጣቶችን ያቀፈ ነው። ስደተኞችም በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ይማራሉ፤ አብዛኛውን ወጪ መንግሥት፣ ቀሪውን የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ሲሸፍን ቆይቷል። የራሱ ተማሪ የሚበላው ያነሰው አገር ለጎረቤቱ ልጅ ማዕድ መዘርጋቱ በሚገባው ልክ አልተነገረለትም።

በግቢ ውስጥ ያለው እርዳታ

በየዩኒቨርሲቲው የሥርዓተ ፆታ ጽሕፈት ቤት አለ። ለተቸገሩ ሴት ተማሪዎች የንጽሕና መጠበቂያ፣ የኮፒ ወጪና እንደ በጀቱ ሁኔታ አነስተኛ ወርሃዊ የኪስ ገንዘብ ይሰጣል። አካል ጉዳተኞችን የሚመለከት ክፍልም እንዲሁ፤ ለዓይነ ስውራን የመቅጃ መሣሪያና ለአንባቢ ክፍያ ድጋፍ ያደርጋል። በተማሪዎች ዲን ሥር ያለው አገልግሎት ደግሞ የድንገተኛ ችግሮች በር ነው፤ ወላጅ ሲሞት ለመሳፈሪያ የሚኬደው ወደዚያ ነው።

ከመንግሥት በጀት ውጭ ያለው ክፍል የበለጠ ይናገራል። የበጎ አድራጎት ክበባት ያገለገለ ልብስና ጫማ ይሰበስባሉ፤ መጽሐፍ ያከራያሉ፤ ከመምህራን ደሞዝ በፈቃድ የሚቆረጥ አምስትና አሥር ብር ያጠራቅማሉ። የኦርቶዶክሱ ግቢ ጉባኤ፣ የሙስሊሙ ጀመዓና የወንጌላውያን ኅብረቱ እያንዳንዳቸው ለአባሎቻቸው መዋጮ ያደርጋሉ። የአንድ አካባቢ ልጆችም ፍሬሽ (አዲስ ገቢ ተማሪ) ሲመጣ ይቀበላሉ፤ ብርድ ልብስ ያውሳሉ። ይህ ሁሉ በሰነድ አይመዘገብም፤ በብዙ ግቢ ግን ስንቱ ተማሪ በዚህ ምክንያት ትምህርቱን እንደጨረሰ ለማወቅ የቀድሞ ተማሪዎችን መጠየቅ ይበቃል። ከግቢ ውጭ ቤት ለቤት እያስጠኑ ራሳቸውን የሚችሉም አሉ፤ ይህ ግን በአዲስ አበባና በትላልቅ ከተሞች እንጂ በየቦታው የሚገኝ ሥራ አይደለም።

ለኪስ ገንዘብ የሚመረጠው ተማሪ ብዙውን ጊዜ የቤተሰቡን ችግር የሚገልጽ ደብዳቤ ከትውልድ ቀበሌው እንዲያቀርብ ይጠየቃል፤ ከዚያ ኮሚቴ ያነጋግረዋል። ሁለቱም ወላጆች የሞቱበት፣ ቤተሰቡ በሴፍቲኔት የታቀፈ ወይም የተፈናቀለ ቅድሚያ ያገኛል። ዝርዝሩ በማስታወቂያ ሰሌዳ በስም ሲለጠፍ አፍሮ የሚቀር ስላለ በመታወቂያ ቁጥር መለጠፍ ይመረጣል። ደብዳቤው ከቤት ሲወጡ ተይዞ ቢመጣ ይበጃል። ሳይይዝ የመጣ ተማሪ ድሃ መሆኑን የሚገልጸውን ወረቀት ለማምጣት መሳፈሪያ ያስፈልገዋል፤ ያ ካልተገኘ በቤተሰብ በኩል አስጽፎ በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር እጅ ያስልካል።