ስለ ጣሊያን የሕዳሴ ዘመን ሥዕል በስህተት የሚነገሩ ነገሮች

የጣሊያን የሕዳሴ ዘመን ሥዕሎች በተነሡ ቁጥር አብረው የሚነሡ የተሳሳቱ ታሪኮች አሉ። ሥዕሎቹን ከልቤ ስለምወድ፣ በማን ገንዘብና በምን ዓይነት ድካም እንደተሠሩ በትክክል ቢታወቅ እመኛለሁ።

«ሠዓሊው ልቡ የፈቀደውን ይሥል ነበር»

ከሁሉ አስቀድሞ መታረም ያለበት ይህ ነው። ትልልቆቹ ሥዕሎች በአሠሪ ትእዛዝና በጽሑፍ ውል የተሠሩ ናቸው። ዶሜኒኮ ጊርላንዳዮ እ.ኤ.አ. በ1485 በፍሎረንስ ከሚገኝ የተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያ አለቃ ጋር የተዋዋለበት ሰነድ ዛሬም አለ። ሥራው የሰብአ ሰገልን ስግደት የሚያሳይ ሥዕል ነው። ሠዓሊው አስቀድሞ በወረቀት ባሳየው ንድፍ መሠረት፣ በራሱ እጅ፣ በ30 ወር ውስጥ ሊጨርስ ተስማማ። ዋጋው 115 ፍሎሪን (የፍሎረንስ የወርቅ ገንዘብ) ሲሆን በየወሩ 3 ፍሎሪን ይከፈለዋል፤ ወርቁንም ቀለሙንም ከኪሱ ይገዛል። ሰማያዊው ቀለም ሳይቀር ወቄቱ 4 ፍሎሪን ገደማ የሚያወጣው እንዲሆን በውሉ ተጽፏል። ይህ ቀለም ከአፍጋኒስታን ተራሮች ከሚመጣ ላፒስ ላዙሊ ከተባለ ድንጋይ የሚወጣ ነበር፤ ርካሽ ምትክ ስለነበረው አሠሪዎች እንዳይታለሉ ይጠነቀቃሉ። ሥዕሉ አሁንም በዚያው ተቋም ሙዚየም ውስጥ ይገኛል።

«ያሠሩት ሜዲቺዎች ብቻ ናቸው»

ሜዲቺዎች በፍሎረንስ ኃያል የነበሩ የባንክ ባለቤት ቤተሰብ ናቸው፤ ሥዕልና ቅርጽ ያሠሩት ግን እነርሱ ብቻ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1401 ለፍሎረንስ የጥምቀት ቤት የነሐስ በር ውድድር የጠራው የጨርቅ ነጋዴዎች ማኅበር ነው። በማንቱዋ ገዢዎቹ ጎንዛጋዎች፣ በሚላን ገዢዎቹ ስፎርዛዎች፣ በቬኒስ ደግሞ የምእመናን ማኅበራት ብዙ አሠርተዋል።

«የሊዮናርዶ የመጨረሻው እራት ፍሬስኮ ነው፤ የተጎዳውም በዕድሜ ነው»

ሁለቱም ስህተት ነው። ፍሬስኮ የሚሣለው ገና ባልደረቀ የኖራ ልስን ላይ፣ በውሃ በተበጠበጠ ቀለም ነው። ኖራው ከአየር ጋር ተዋሕዶ እንደ ድንጋይ ሲጠጥር ቀለሙን በውስጡ ይዞ ያስቀረዋል። ስለዚህ በየማለዳው የሚለሰነው በዚያ ቀን የሚሣለው ቦታ ብቻ ነው፤ የአንዱ ቀን ልስን ከሌላው ጋር የተጋጠመበት መስመር ጠጋ ብሎ ለሚያይ ዛሬም ይለያል። ሊዮናርዶ ግን በጥድፊያ መሥራት አይሆንለትም ነበር። በሚላን በሳንታ ማሪያ ዴሌ ግራዚዬ ገዳም የመመገቢያ አዳራሽ፣ በደረቅ ግድግዳ ላይ እየደራረበና እያረመ ሣለ። ቀለሙ ከግድግዳው ጋር በደንብ አልተያያዘም፤ እርሱ በሕይወት ሳለ መርገፍ ጀመረ። ጆቶ የተባለው ሠዓሊ ከሊዮናርዶ 190 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ በፓዶቫ የሣላቸው ፍሬስኮዎች ግን ከእርሱ ሥራ በተሻለ ሁኔታ ቆይተዋል። ዕድሜ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀድመው መጥፋት የነበረባቸው እነርሱ ነበሩ።

«ማይክል አንጄሎ የሲስቲን ጸሎት ቤትን ጣሪያ የሣለው በጀርባው ተኝቶ ነው»

ከ1508 እስከ 1512 የሠራው ቆሞ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ ነው። ሥቃዩን በግጥም ጽፎ በግጥሙ ጎን እርሱ ራሱ ጣሪያውን ሲሥል የሚያሳይ ንድፍ አስቀምጧል፤ በንድፉም ሰውየው ቆሞ እጁን ወደ ላይ ዘርግቷል።

«ሂዩማኒስቶች የሃይማኖት ጠላቶች ነበሩ»

ሂዩማኒስቶች የጥንቱን የግሪክና የሮም ጽሑፍ የሚያጠኑ ምሁራን ነበሩ፤ ብዙዎቹ እንጀራቸውን የበሉት ከቤተ ክርስቲያን ነው። ከእነርሱ አንዱ ሎሬንዞ ቫላ ለሮማ ጳጳሳት ሥልጣን ማስረጃ ሆኖ ይቀርብ የነበረውን የቆስጠንጢኖስ ስጦታ የተባለ ሰነድ በላቲኑ አጻጻፍ መርምሮ ሐሰተኛ መሆኑን በ1440 አሳየ፤ ኋላም በዚያው በጳጳሱ ጽሕፈት ቤት ተቀጠረ። በ1441 ከኢየሩሳሌም ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ወደ ፍሎረንስ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ሲመጡም፣ ስለ አገራቸውና ስለ እምነታቸው የሰጡትን መልስ ከመዘገቡት መካከል የጳጳሱ ጸሐፊ የነበረው ሂዩማኒስት ፍላቪዮ ቢዮንዶ ይገኝበታል።