ካርፒነስ ምንድን ነው?

ጎጃም ውስጥ መጥረቢያ ሲመረጥ ብረቱ ብቻ አይታይም። ዛቢያው ከምን እንጨት ነው ተብሎ ይጠየቃል። ወይራ ከሆነ ነገር አለቀ። አውሮፓ ውስጥ ይህን የወይራ ቦታ ከያዙት እንጨቶች አንዱ ካርፒነስ ነው።

ካርፒነስ የአንድ ዛፍ ብቻ ሳይሆን የአንድ ወገን ስም ነው። በውስጡ ወደ 40 የሚጠጉ ዝርያዎች አሉ፤ አብዛኞቹ የምሥራቅ እስያ፣ በተለይ የቻይና ናቸው። ቤተሰቡ በርች የሚባለው የብርድ አገር ዛፍ ቤተሰብ ነው። እኛ አገር በተፈጥሮ አይበቅልም። ብዙዎቹ ዛፎች ቁመታቸው ትንሽ ወይም መካከለኛ ነው። ዋንዛችን ቅጠሉን የሚያራግፈው በበጋው ድርቅ ሲሆን ካርፒነስ ግን ብርድ ሲገባ ነው።

ግንዱ ግራጫና ለስላሳ ነው። ግን ድቡልቡል አይደለም፤ እንደ አራሽ ክንድ ጅማት ጅማቱ ይታያል። እንጨቱ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ጭረቱም የተጠላለፈ ስለሆነ በመጥረቢያ ቢመቱት በቀላሉ አይሰነጠቅም። በእንግሊዝኛ ሆርንቢም ይባላል። ሆርን ቀንድ ነው፤ ቢም ደግሞ በድሮው እንግሊዝኛ ዛፍ። የቀንድ ያህል ጠንካራ ለማለት ነው።

እኔን በጣም የማረከኝ ግን የግሪክ ስሙ ነው። ከ2,000 ዓመት በፊት ሮማዊው አርክቴክት ቪትሩቪየስ እንደጻፈው፣ ግሪኮች ቀንበር የሚሠሩት ከዚህ እንጨት ነበር። ቀንበርን ዚጎን ስለሚሉ ዛፉን ዚጊያ አሉት። የጎጃም ገበሬ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። ማረሻው ድንጋይ ሲነካ ድንጋጤው በሞፈሩ አልፎ፣ ምራኑን ወጥሮ ቀንበሩ ላይ ነው የሚያርፈው። እዚያ ላይ የሚሰነጠቅ እንጨት ካለ የዕለቱ እርሻ ቀረ ማለት ነው።

በኋላም የነፋስ ወፍጮ ጥርስ፣ የሥጋ መክተፊያ ግንድ፣ የፒያኖ ውስጥ ዕቃ ተሠርቶበታል። አንድ ድክመት ግን አለው፤ ውጭ እርጥበት ካገኘው ቶሎ ይበሰብሳል። ለአጥር ቋሚ ወይራን አይተካም።

ኦስትሪያ የሚባል የቅርብ ዘመድ አለው፣ አገሩን ሳይሆን ዛፉን ማለቴ ነው። የሚለዩት በፍሬያቸው ነው። የአውሮፓው ካርፒነስ ፍሬ ሦስት ጣት ያላት ቅጠል መሳይ ክንፍ ላይ ተቀምጣ በነፋስ ትበራለች። የኦስትሪያ ፍሬ ደግሞ በትንንሽ ከረጢቶች ተሸፍኖ ይንጠለጠላል። ዘለላው ሲታይ እኛ ጠላ ላይ ጌሾ እንደምንጨምረው ቢራ ላይ የሚጨመረውን ሆፕስ ይመስላል።