የወንድ ድመት የደም ሥር ከወቅት ጋር ምን አገናኘው?

በወንድ ድመት የመራቢያ አካላት ውስጥ የደም ሥር እድገት «እንደ ወቅቱ ይለዋወጣል» ሲባል፣ ሐዋሳ ያለ አንባቢ በጋና ክረምትን ያስብ ይሆናል። ዝናብ ግን ዋናው ጉዳይ አይደለም፤ ወሳኙ የቀን ብርሃን ርዝመት ነው።

ሌሊቱ ሲረዝም ከአንጎል የሚመነጨው ሜላቶኒን የተባለ ሆርሞን ይበዛል፤ የመራቢያ ሆርሞኖችም ይዳከማሉ። ቀኑ ሲረዝም ቴስቶስቴሮን የተባለው የወንድ ሆርሞን ይጨምራል፣ የዘር ፍሬውም በርትቶ ይሠራል። በርትቶ የሚሠራ አካል ደግሞ ኦክስጅንና ምግብ ይፈልጋል፤ ይህን የሚያደርሱለት የደም ሥሮች ናቸው። በአዋቂ እንስሳ ሰውነት አዲስ የደም ሥር ማብቀል ብርቅ ነው። ከቁስል መዳንና ከካንሰር ዕጢ ሌላ ጎልቶ የሚታየው በመራቢያ አካላት ነው፤ እኔን የሚያስገርመኝም ይኸው ነው። ተመራማሪዎች በተለይ የሚከታተሉት ቪኢጂኤፍ የተባለውን ፕሮቲን ነው። የደም ሥሩ የውስጥ ግድግዳ ሕዋሳት ተባዝተው አዲስ ቅርንጫፍ እንዲያወጡ ያነሳሳል።

ለውጥ አለ ማለት ግን ሥራው ይቆማል ማለት አይደለም። ወንድ ድመት ዓመቱን ሙሉ የዘር ፈሳሽ ያመነጫል፤ ከፍና ዝቅ የሚለው መጠኑና ጥራቱ ነው።

በበርሊን በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከ9 ሰዓት ይበልጣል። ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ አካባቢ ባለችው ሐዋሳ ግን አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ከአውሮፓ ድመቶች የተገኘን ውጤት በአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ለሚዞረው ድመት እንዳለ መውሰድ አይገባም። ድመቱን ማስኮላሸት የሚፈልግም ወቅት መጠበቅ አያስፈልገውም።