«ለአካባቢ ተስማሚ» የጽዳት ምርት ምንድን ነው? በእርግጥስ ያጸዳል?

«ለአካባቢ ተስማሚ» በተባለ ፈሳሽ ሳሙና የሻይ እድፍ ያለበትን ነጭ ጨርቅ ያጠበ ሰው፣ እድፉን እንዳለ ሲያገኘው «ስሙ እንጂ ሥራው የለም» ብሎ ቢተወው አይፈረድበትም። ያንኑ ፈሳሽ ዘይት የነካው ሸሚዝ ላይ ቢሞክረው ግን አጥርቶ ሊያጸዳለት ይችላል። ሁለቱም ውጤቶች እውነት ናቸው። ልዩነቱን ያመጣው ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ቃል ሳይሆን ጠርሙሱ ውስጥ ያለውና የሌለው ነገር ነው።

«ለአካባቢ ተስማሚ» የአንድ ንጥረ ነገር ስም አይደለም። ከእጥበት በኋላ የሚፈሰው ውሃ ወንዝና አፈር ሲገባ ቶሎ እንዲፈርስ፣ በውሃ ውስጥ ያሉ ፍጥረታትን እንዳይጎዳ ታስቦ የተቀመመ ምርት ማለት ነው። ስለዚህ ቃሉ የሚናገረው ስለ ፍሳሹ እንጂ ስለ ማጽዳት ጉልበቱ አይደለም። ጉልበቱን ለማወቅ መለያውን አገላብጦ አራት ነገር መፈለግ ነው፦ ሰርፋክታንት፣ ኢንዛይም፣ ማንጫ እና ውሃ ማለስለሻ።

ሰርፋክታንት የማንኛውም ሳሙና ልብ ነው። ሞለኪዩሉ አንዱ ጫፉ ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ጫፉ ከውሃ ሸሽቶ ቅባት ይፈልጋል። ቅባት ወዳዱ ጫፍ ልብሱ ላይ ባለው ቅባት ላይ ይሰካል፤ ውሃ ወዳዱ ወደ ውጭ ይቀራል። እንዲህ ዙሪያውን የተከበበው ቅባት በጥቃቅን እንክብሎች ተጠቅልሎ ከውሃው ጋር ይሄዳል። ይህ ሞለኪዩል ከድፍድፍ ነዳጅም፣ ከኮኮናት ወይም ከዘንባባ ዘይትም ሊሠራ ይችላል። ሶዲየም ላውሪል ሰልፌት የሚባለው፣ መነሻው ዕፅዋትም ይሁን ነዳጅ፣ ሥራው ያው ነው። ከስኳርና ከዕፅዋት ዘይት የሚሠራው አልኪል ፖሊግሉኮሳይድ ደግሞ ቅባት በደንብ ይቆርጣል፣ ቆዳ ላይ ለስላሳ ነው፣ በባክቴሪያም ቶሎ ይፈርሳል። በቅባት ላይ ደህና ተደርጎ የተቀመመ ተስማሚ ምርት ከመደበኛው ወደኋላ የሚቀርበት ምክንያት የለም።

ብዙ ሰው ግን ጉልበትን በአረፋ ይለካል። አረፋ የማጽዳት ምልክት አይደለም። ቅባትን በደንብ የሚያነሱ፣ አረፋቸው ግን ትንሽ የሆነ ሰርፋክታንቶች አሉ፤ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሳሙና ሆን ተብሎ አረፋው እንዲቀንስ ይደረጋል፣ አረፋ ከበዛ ልብስ ከልብስ መፋተጉን ያለዝበዋልና። አረፋ አነሰ ብሎ ሳሙና መጨመር የሚያመጣው አንድ ነገር ነው፤ ታጥቦ የማይወጣ ዝቃጭ።

አረፋ በእርግጥ አንድ ጊዜ ትልቅ ጣጣ አምጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተስፋፋው ሰርፋክታንት ቅርንጫፉ የበዛ ስለነበር ባክቴሪያ ሊያፈርሰው አልቻለም፤ ወንዞችና የፍሳሽ ማጣሪያዎች ላይ አረፋ ይቆለል ጀመር። ምዕራብ ጀርመን በ1961 ሕግ አወጣች፤ የአሜሪካ አምራቾችም በ1965 ቀጥ ያለ ሰንሰለት ወዳለው ዓይነት ተሻገሩ። ዛሬ በአውሮፓ ኅብረት፣ በ2004 በወጣው የዲተርጀንት ደንብ መሠረት፣ ሰርፋክታንት በ28 ቀን ውስጥ ቢያንስ 60 በመቶው ሙሉ በሙሉ መፍረስ አለበት። እዚያ የሚሸጥ ጠርሙስ ላይ «በተፈጥሮ የሚፈርስ» ተብሎ ቢጻፍ ሕግ ማክበሩን ከመናገር አያልፍም። ውሃ ለማለስለስ የሚጨመረው ፎስፌትም እንዲሁ ነው፤ ሐይቅ ውስጥ አልጌ ስለሚያበዛ ኅብረቱ ከ2013 ጀምሮ በልብስ ሳሙና፣ ከ2017 ጀምሮ በዕቃ ማጠቢያ ማሽን ሳሙና ላይ ጥብቅ ገደብ ጥሎበታል።

ኢንዛይምና የሙቀት ነገር

ኢንዛይም ሌሎች ሞለኪዩሎችን የሚቆራርጥ ፕሮቲን ነው፤ በልብስ ማጠቢያነት ጀርመናዊው ኬሚስት ኦቶ ሮህም እ.ኤ.አ. በ1913 የባለቤትነት መብት ካወጣበት ጊዜ ጀምሮ ይታወቃል። ፕሮቲኤዝ ደም፣ እንቁላል፣ ወተትና ላብ ውስጥ ያለውን ፕሮቲን ይቆርጣል፤ አሚሌዝ ስታርች፣ ሊፔዝ ቅባት ይቆርጣል። አንዷ ሞለኪዩል ሳታልቅ ደጋግማ ስለምትሠራ ጥቂቱ ይበቃል። ብዙ የጠንካራ ኬሚካል ሥራን በለዘብታ የሚተካው ይኸው ስለሆነ፣ ሳሙና ሲመረጥ በንጥረ ነገር ዝርዝሩ ውስጥ በመጀመሪያ መፈለግ ያለበት «ኢንዛይም» የሚለው ቃል ነው ብል አላጋነንኩም።

የሚበላሸው በአጠቃቀም ነው። ኢንዛይም ከ30 እስከ 50 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ውሃና ጊዜ ሲሰጠው ይሠራል። የፈላ ውሃ ካፈሰሱበት ይሞታል፤ በአሥር ደቂቃ አጣጥበው ካወጡትም ሥራውን ሳይጀምር ይጠናቀቃል። የደም እድፍ ከሆነ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ማለቅለቅ፣ ከዚያ ሳሙናውን በለብታ ውሃ በጥብጦ ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት መዘፍዘፍ። ሙቅ ውሃ ቀድሞ ከነካው ፕሮቲኑ ልክ እንደ እንቁላል ነጭ ረግቶ ክሩ ላይ ይጣበቃል። ሱፍና ሐር ራሳቸው ፕሮቲን ስለሆኑ ፕሮቲኤዝ ያለበት ሳሙና ሊነካቸው አይገባም።

ያ የሻይ እድፍ

የሻይ፣ የቡናና የፍራፍሬ ጭማቂ እድፍ ቅባት አይደለም፤ ክሩ ውስጥ የገባ ቀለም ነው። ሰርፋክታንት አያነሳውም፣ ኢንዛይምም አይቆርጠውም። ቀለሙን የሚሰብረው ማንጫ ነው። እዚህ ላይ ነገሩ ይገለጣል፤ ፈሳሽ የልብስ ሳሙና ማንጫ አይዝም፣ ምክንያቱም ማንጫው ጠርሙሱ ውስጥ እያለ ኢንዛይሙን ያበላሸዋል፣ ራሱም ይፈርሳል። ስለዚህ እድፉ የቀረው ምርቱ ለአካባቢ ተስማሚ በመሆኑ ሳይሆን ፈሳሽ በመሆኑ ነው። መደበኛው ፈሳሽም በዚያ ላይ ብዙም አይሻልም። ለነጭ ልብስ የዱቄት ሳሙና የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ተስማሚው ማንጫ ሶዲየም ፐርካርቦኔት የሚባል ነጭ ዱቄት ነው። ውሃ ሲነካው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና የልብስ ሶዳ (ሶዲየም ካርቦኔት) ይሆናል፤ ፐርኦክሳይዱ ቀለሙን ሰብሮ ውሃና ኦክሲጅን ሆኖ ያልቃል። በረኪና ግን ከእድፍ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ያለባቸው፣ በውሃ ውስጥ የሚቆዩ ውህዶችን ሊፈጥር ይችላል። ፐርካርቦኔት በቀዝቃዛ ውሃ ይተኛል። ከ4 እስከ 5 ሊትር በሆነ፣ ከ40 እስከ 60 ዲግሪ በሞቀ ውሃ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሙሉ በጥብጦ፣ ጨርቁን ሙሉ በሙሉ አስጥሞ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት መተው ነው። ሲዘፈዝፍ ትናንሽ አረፋዎች ወደ ላይ ሲወጡ ይታያሉ፤ እድፉ መጀመሪያ ከቡናማ ወደ ቢጫ፣ ከዚያ ወደ ገረጣ ጥላ እየሄደ ይጠፋል። አረፋው ካቆመና እድፉ ካለ ውሃው ሞቷልና አዲስ መበጥበጥ ነው። የተበጠበጠውን በተዘጋ ጠርሙስ ማስቀመጥ ፈጽሞ አይገባም፤ የሚወጣው ኦክሲጅን ጠርሙሱን ያፈነዳዋል። ሱፍና ሐርም አይወዱትም። ዱቄት ሳሙና ውስጥ «ቲኤኢዲ» (TAED) የሚባል የማንጫ ማነቃቂያ ከተጨመረበት ማንጫው በ40 ዲግሪ አካባቢም በደንብ ይነቃል።

ነጭ ልብስ በተስማሚ ሳሙና ከተወሰኑ ወራት በኋላ ቢጫማ መሰለ የሚል ቅሬታ ሌላ ምንጭም አለው። ብዙ መደበኛ ሳሙናዎች ኦፕቲካል ብራይትነር አለባቸው፤ ዓይን የማያየውን ብርሃን ወደ ሰማያዊ የሚለውጥ፣ ልብሱን «ከነጭ በላይ ነጭ» የሚያስመስል ቀለም ነው። በዝግታ ስለሚፈርስ ብዙ ተስማሚ ምርቶች አይጨምሩትም። ቀለሙ ታጥቦ ሲያልቅ የሚታየው የጨርቁ የራሱ መልክ እንጂ ቆሻሻ አይደለም።

ቤት ውስጥ የሚቀመመው

እዚህ ላይ ፊት ለፊት መናገር ይሻላል፤ ለ«ተስማሚ ምርት አይሠራም» ስም መጥፋት ትልቁን ድርሻ ያበረከቱት የቤት ቅመሞች ናቸው።

አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ አብሮ መቀላቀል በጣም የተስፋፋ ነው። አንዱ አሲድ ነው፣ ሌላው ቤዝ፤ ሲገናኙ ተንጨርጭረው አንዱ ሌላውን ያጠፋውና የሚቀረው ሶዲየም አሲቴት የተባለ ጨው ያለበት ውሃ ነው። የሚያስደስተው ፍልቅልቅታ የካርቦን ዳይኦክሳይድ አየር ብቻ ነው። ለየብቻቸው ግን ሥራ አላቸው። ቤኪንግ ሶዳ በእርጥብ ጨርቅ ላይ ተነስንሶ ሲንክ ሳይጭር ይፈትጋል። አቼቶ ወይም ከዚያ የሚሻለው ሲትሪክ አሲድ ከውሃ የተጋገረ ነጭ ቅርፊት ያሟሟል፤ ለማንቆርቆሪያ በአንድ ሊትር ለብታ ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሲትሪክ አሲድ ለግማሽ ሰዓት ይበቃል። እምነበረድ ግን ከዚያው ከሚሟሟው ነገር የተሠራ ስለሆነ አሲድ ሲነካው ድንገት ይደበዝዛል፣ በማጠብም አይመለስም።

ደረቅ ሳሙና ተፈቅፍቆ ከልብስ ሶዳ ጋር የሚዘጋጀው «የቤት ዲተርጀንት» ደግሞ ቀስ ብሎ የሚጎዳ ነው። ካልሲየምና ማግኒዥየም የበዛበት ውሃ፣ ጠጣር ውሃ የሚባለው፣ ከእውነተኛ ሳሙና ጋር ሲገናኝ የማይሟሟ ነጭ ዝቃጭ ይሠራል፤ የባልዲ ጠርዝ ላይ ቀለበት ሠርቶ የሚቀረው እሱ ነው። ያው ዝቃጭ ክር ውስጥም ይቀመጣል። ፎጣ ላይ በግልጽ ይታያል፤ መጀመሪያ ይገረጣል፣ ከዚያ ሲደርቅ ይጠነክራል፣ ውሃ መምጠጥ ያቆማል፣ የሰውነት ቅባት ስለሚይዝም እርጥብ ሲሆን ይሸታል። ለማረጋገጥ በደረቀ ንጹህ ፎጣ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ መጣል ነው። ወዲያው ካልጠለቀና እንደ ዶቃ ከተቀመጠ ክሩ ተለብጧል (የልብስ ማለስለሻም ይህንኑ ያደርጋል)። መድኃኒቱ ሰርፋክታንትና ኢንዛይም ያለበት ሳሙና በሙሉ ልኩ፣ ያለ ልብስ ማለስለሻ፣ በ60 ዲግሪ ሁለት ጊዜ ማጠብ ነው። ሶዲየም ሲትሬት ወይም ዜኦላይት ያለበት ሳሙና ካልሲየሙን አስሮ ስለሚይዝ ዝቃጩ ተመልሶ አይመጣም። አራተኛው፣ ውሃ ማለስለሻ የምንለው ይሄ ነው።

የሳሙና ፍሬ የሚባለው በውስጡ ሳፖኒን የተባለ ተፈጥሯዊ ሰርፋክታንት አለው፤ ጉልበቱ ግን ትንሽ ነው፣ ኢንዛይምም ማንጫም የለውም። ለትንሽ አቧራ ይሆናል፣ ለኮሌታና ለብብት አይሆንም። ማሽን ውስጥ የሚገቡ «የማጠቢያ ኳሶች» ከውሃ ብቻ የተለየ ነገር አያደርጉም።

ማጽዳትና ጀርም መግደል ይለያያሉ። ሳሙና ጀርሙን ከቆሻሻው ጋር ጠርጎ ያወጣል፤ ለዕለት ተዕለት ይህ ይበቃል። በቤት ውስጥ የታመመ ሰው ካለ ግን አቼቶ አያስተማምንም። በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ በላክቲክ አሲድ ወይም በቲሞል የተቀመሙ ምርቶች ይሠራሉ፤ ቦታው መለያው ላይ እስከተጻፈው ደቂቃ ድረስ እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት፣ አንዳንዶቹም እስከ 10 ደቂቃ ይፈልጋሉ። ረጭቶ ወዲያው መጥረግ ሥራውን ያስቀራል። በረኪናን ከአቼቶ ጋር መቀላቀል መርዛማ የክሎሪን ጋዝ፣ ከአሞኒያ ጋር መቀላቀል ክሎራሚን ያወጣል፤ ይህ በቀልድ የሚታለፍ አይደለም።

«ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃልም አያታልል። ከብርቱካን ልጣጭ የሚወጣው ሊሞኒን ቅባት በደንብ ያነሳል፤ ለውሃ ፍጥረታት ግን መርዝ ነው፣ አየር ሲያገኘው ደግሞ ቆዳ የሚያሳክክ አለርጂ ይሆናል። ከቅጠል ሥዕል ይልቅ የሦስተኛ ወገን ማረጋገጫ ይታመናል፤ የጀርመኑ ብሉ ኤንጅል (እ.ኤ.አ. 1978)፣ የሰሜን አውሮፓው ኖርዲክ ስዋን (1989)፣ የአውሮፓ ኅብረት ኢኮሌብል (1992)። የኋለኞቹ ሁለቱ ለፍሳሹ ብቻ አይሰጡም፤ የልብስ ሳሙና ከማመሳከሪያ ምርት ጋር ተወዳድሮ በደንብ እንደሚያጥብ በፈተና መታየት አለበት።

ለአካባቢ የሚጨነቅ ሰው ደግሞ ከሳሙናው እኩል ውሃውን ይይ። 10 ሊትር ውሃ ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ለማሞቅ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ወደ 30 ብቻ ከሆነ ሲሶው ይበቃል። በ30 ዲግሪ የሚሠራ፣ ኢንዛይም ያለበት ሳሙና ዋጋው እዚህ ላይ ነው፤ 60 ዲግሪን ለፎጣ፣ ለአንሶላና ለበሽተኛ ልብስ ማቆየት።

የገዙት ምርት መሥራት አለመሥራቱን ለማወቅ አሮጌ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ሦስት ቦታ መቅደድ ነው። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ጠብታ ዘይት፣ አንድ ጠብታ ሻይ፣ ትንሽ የእንቁላል አስኳል አድርጎ ለአንድ ሌሊት ማድረቅ። አንዱን በአዲሱ ምርት፣ አንዱን በለመዱት ሳሙና፣ ሦስተኛውን በውሃ ብቻ፣ እኩል መጠን ባለውና እኩል በሞቀ ውሃ፣ እኩል ጊዜ ማጠብ፤ ከዚያ አድርቆ በቀን ብርሃን አጠገብ ለአጠገብ ማየት። ዘይቱ ከቀረ ሰርፋክታንቱ ደካማ ነው ወይም መጠኑ አንሷል፤ አስኳሉ ከቀረ ኢንዛይም የለውም፤ ሻይው ብቻ ከቀረ ሳሙናው ደህና ነው፣ የጎደለው አንድ ማንኪያ ፐርካርቦኔት ነው። ከውሃው ቁራጭ ጋር አንድ ዓይነት የሆነውን ግን፣ መለያው ምንም ይበል፣ ሁለተኛ መግዛት አያስፈልግም።